ብርድ ፍለጋ

እቴቴ ዓይኗን ታመመችና ሕንድ ሄድን። በእኛ ሰፈር ይሄ ወሬ አይሆንም። ለልቡ፣ ለኩላሊቱ ወይም ለጉልበቱ ብሎ ዴልሂ ያልደረሰ ሰው ካለ ወይ ጤነኛ ነው፣ ወይ ዶላር እየጠበቀ ነው። ሐኪሙ አያት፣ ጠብታ ሰጣት፣ ወርቃማ ፍሬም ያለው መነጽር አዘዘላት። ከዚያ «ከ10 ቀን በኋላ ተመለሱ» ብሎ ሸኘን።

10 ቀን። ዴልሂ። በሰኔ።

ቴርሞሜትሩ 44 ይላል። ባረፍንበት ቤት «ቀዝቃዛ» የሚለው ቧንቧ ሲከፈት ለሻይ የደረሰ ውሃ ይወርዳል። «ሙቅ» የሚለውን ለመክፈት የደፈረ የለም። እቴቴ ነጠላዋን አርሳ ራሷ ላይ ትጥላለች፤ አንድ አቡነ ዘበሰማያት ሳትጨርስ ይደርቃል። በሦስተኛው ቀን «እዚህ አገር ስለ ገሃነም የሚሰብክ ሰው ሥራ ፈት ነው» አለች።

የቤቱ ባለቤት አዘነልን። «ለምን ሺምላ አትወጡም? ሂል ስቴሽን እኮ ነው» አለ። ሂል ስቴሽን ምንድን ነው ብዬ ጠየቅኩት። ዓይኑን ጨፍኖ ይተርክልኝ ጀመር። ተራራ ላይ ያለ ከተማ ነው። ጠዋት ጭጋግ አለ። ማታ ሹራብ ይለበሳል። መንገዱ ሁሉ ዳገትና ቁልቁለት ነው። ከሰዓት በኋላ ድንገት ዝናብ ይመጣል። ሰው ገንዘብ አጠራቅሞ፣ ሆቴሉን አስቀድሞ ይዞ፣ ቤተሰቡን ጭኖ እዚያ ይሄዳል።

እየሰማሁት ጠረጠርኩ። ስልኬን አውጥቼ ከፍታውን አየሁ። ሺምላ፣ 2,200 ሜትር ገደማ። አዲስ አበባ፣ 2,355።

ስልኩን ወደ ኪሴ መለስኩት። ለእቴቴ አልነገርኳትም። 68 ዓመት ሙሉ ሂል ስቴሽን ላይ ተቀምጣ «ይሄ የሽሮ ሜዳ ብርድ ጨረሰኝ» ስትል የኖረች ሴት ናት። ብርዱን ልንገዛ አራት ሺህ ምናምን ኪሎ ሜትር በርረን መጣን እንዴት ይባላል?

ነገሩን የጀመሩት እንግሊዞች ናቸው። ሕንድን መግዛት ፈለጉ፤ ሙቀቷን ግን አልቻሉትም። ስለዚህ እ.ኤ.አ. በ1864 ሺምላን የበጋ ዋና ከተማ አደረጓት። ከዚያ ወዲያ በየዓመቱ ሙቀቱ ሲጀምር፣ ካልካታ የተቀመጠው መንግሥት ከነጸሐፊው፣ ከነመዝገቡ፣ ከነሚስቱ ተነሥቶ ከ1,500 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ ተራራው ላይ ይወጣል። ያን ሁሉ ሕዝብ የዓመቱን እኩሌታ የሚገዛው ጉም ውስጥ ቁጭ ብሎ ነው። እኔ ለሁለት ቀን ስብሰባ ቢሾፍቱ የሚወርዱትን መሥሪያ ቤቶቻችንን ሳማ ነው የኖርኩት። ይቅርታ እጠይቃለሁ። አበል ለካ እንዲህ ያለ ጥንታዊ ዘር አለው።

አንድ ልዩነት ግን አለ። የእኛ ሰው ለመዝናናት ይወርዳል እንጂ አይወጣም። የእንግሊዝ እንደራሴ በሺምላ ኮረብታ ላይ የድንጋይ ቤተ መንግሥቱን እያሠራ በነበረበት ሰሞን፣ እቴጌ ጣይቱ ከእንጦጦ ብርድ ወርደው ፍልውሃ አጠገብ ቤት ያሠሩ ነበር። የእሳቸው እ.ኤ.አ. በ1886፣ የእሱ በ1888። በሁለት ዓመት ልዩነት አንዱ ከሙቀት ሸሽቶ ሽቅብ፣ አንዷ ከብርድ ሸሽተው ቁልቁል። ማንኛቸው ትክክል እንደሆኑ እቴቴን ብትጠይቋት መልሱን ታውቁታላችሁ። ለነገሩ የጣይቱ ስም ካለ ክርክርም የለም።

ከዴልሂ በሌሊት ተነሥተን ካልካ ደረስን። ከካልካ ወደ ላይ የሚወጣው ግን ሌላ ባቡር ነው። የልጅ መጫወቻ ይመስላል፤ እነሱም «ቶይ ትሬይን» ነው የሚሉት። የሐዲዱ ስፋት 76 ሳንቲ ሜትር ነው። የእቴቴ ሻንጣ ቢጋደም ይበልጠዋል። እ.ኤ.አ. በ1903 ተመረቀ፤ በ2008 ዩኔስኮ በዓለም ቅርስነት መዘገበው። የእነሱ በተመረቀበት ጊዜ የእኛም ባቡር ከጂቡቲ ተነሥቶ ድሬዳዋ ከደረሰ ገና ዓመት አልሞላውም ነበር። የእኛው ቅርስ ለመሆን እንኳን አልታደለም፣ ግን ይሄን እንለፈው።

ከመግባታችን የመስኮት ወንበር ላይ ግብግብ ተነሣ። አንድ ቤተሰብ ከነአያቱ፣ ከነምሳ ዕቃው ቦታችን ላይ ሰፍሯል። እኔ ቲኬት እያሳየሁ በትሕትና አስረዳለሁ። እቴቴ «መጀመሪያ መቀመጫዬን አለች ዝንጀሮ!» ብላ መሀላቸው ገብታ ተቀመጠች። ተጠጋጉላት። ትንሽ ቆይቶ ብርቱካን ልጠው ሰጧት፣ እሷም ዳቦ ቆሎ አወጣች። ዝንጀሮ የሚለውን ቃል በዚያ ቀን ባትጠራው ኖሮ ብዬ በኋላ አስቤያለሁ።

መንገዱ 96 ኪሎ ሜትር ነው። ከአምስት ሰዓት በላይ ይወስዳል። በመሀል 102 ዋሻ አለ። ባቡሩ ዋሻ በገባ ቁጥር ልጆቹ ሁሉ አንድ ላይ ይጮኻሉ። እቴቴ ደግሞ መቁጠሪያዋን ታወጣለች። ለያንዳንዱ ዋሻ አንድ እግዚኦ፣ አንድ ፍሬ። መቁጠሪያዋ 41 ፍሬ ነው ያለው። ሁለት ዙር ጨርሳ፣ በሦስተኛው ሃያኛዋ ፍሬ ላይ ሺምላ ገባን። ሂሳቡን ራሴ አመሳክሬዋለሁ፤ አንድ ዋሻ አላመለጣትም።

33ኛዋ ፍሬ ላይ ረጅሙ ዋሻ መጣ። ባሮግ ይባላል፤ 1,143 ሜትር ነው። ብርቱካን የሰጡን አያት ታሪኩን ነገሩኝ። ባሮግ የሚባል እንግሊዛዊ መሐንዲስ ተራራውን ከሁለቱም ወገን ማስቆፈር ጀመረ። መሀል ላይ ይገናኛሉ ብሎ ነው። አልተገናኙም። ሂሳቡ ስቶ ነበር። መንግሥት የአንድ ሩፒ ቅጣት ጣለበት። ሰውየው ውርደቱን አልቻለውም፤ ራሱን አጠፋ ይባላል። ለእቴቴ ተረጎምኩላት። ረጅም ጊዜ ዝም አለች። ከዚያ «የኛን በር ስንት ጊዜ ነው የቆፈሩት?» አለችኝ። አራት ጊዜ ነው። አንዱ ለውሃ፣ አንዱ ለስልክ፣ አንዱ ለፍሳሽ፣ አራተኛው ለምን እንደሆነ አልተነገረንም። «አንድ ብር የተቀጣ አለ?» የለም። «እንኳንም» አለች፣ «ሰው ያልቅ ነበር።»

ሆቴላችን ሄሪቴጅ ሆቴል ነው። ሄሪቴጅ ማለት ቅርስ ማለት ነው። ቅርስ ማለት ደግሞ አይጠገንም ማለት ነው። ይሄን የተረዳሁት በመጀመሪያው ሌሊት ነው። ወለሉ እንጨት ነው፤ አንድ ሰው ለሽንት ከተነሣ መላው ፎቅ ይሰማል። መስኮቱ አይዘጋም፤ ስንናገር «ሄሪቴጅ» ይሉናል። ቁም ሳጥኑ አይከፈትም። «ሄሪቴጅ።» መታጠቢያ ቤቱ የአንበሳ እግር ያለው የብረት ገንዳ አለው፤ ገንዳው ውስጥ ግን ፕላስቲክ ባልዲና ጆግ ተቀምጧል። ባልዲው ሄሪቴጅ አይደለም፤ የሚሠራው ግን እሱ ብቻ ነው። ከአልጋው በላይ አፉን የከፈተ የነብር ጭንቅላት ተሰቅሏል። እቴቴ ወንበር ላይ ወጥታ ነጠላዋን ከጣለችበት በኋላ ነው የተኛችው። ጠዋት አልጋ ሊያነጥፍ የመጣው ልጅ ነጠላ የለበሰ ነብር ሲያይ በሩ ላይ ቆሞ ቀረ።

ማታ ዝናብ ጣለ። ብርዱ ገባ። የራሳችን ብርድ ነው፤ ሽሮ ሜዳ በሐምሌ። እቴቴ ሁለት ብርድ ልብስ ደርባ «ሂተር አስመጣልኝ» አለች። ደወልኩ። ሂተሩ በቀን የሚከፈልበት ነው አሉኝ። እንግዲህ አስቡት፤ ሰውየው ተራራ ላይ አውጥቶ ብርዱን ሸጠልን፣ ብርዱን ገዝተን ስናበቃ ሙቀቱን መልሶ ሸጠልን። መርካቶ ብዙ ነገር አይቻለሁ፣ ይሄን ግን አላየሁም።

አስተናጋጁ ባለ ጥምጥም ነው። ሂተሩን ተክሎ «ይበቃል ወይ?» አለ። እቴቴ እኛ እንደምንለው አለች። ታውቁታላችሁ፤ አየሩን ወደ ውስጥ ሳብ አድርጋ «ህ!» አለች። አዎ ማለቷ ነው። ልጁ ደነገጠ። ትን ያላት፣ የታፈነች መስሎት ሮጦ ውሃ ይዞላት መጣ። እሷ ደግሞ ውሃ ትፈልግ እንደሆነ የጠየቃት መስሏት «እግዜር ይስጥልኝ» ብላ ጠጣች። «ጨምሬ ላምጣ?» አላት። «ህ!» አለች። ሌላ ብርጭቆ መጣ። እሱም በበኩሉ የሚጠየቀውን ሁሉ ጭንቅላቱን ግራና ቀኝ እያወዛወዘ ነው የሚመልሰው። አዎ ይሁን እምቢ፣ እሺ ይሁን እስቲ እንጃ፣ እስክንለቅ ድረስ አልለየሁትም። ሁለቱ ሰዎች ለአራት ቀን እንዲህ ሲግባቡ ከረሙ። እኔ ብቻ ነኝ በእንግሊዝኛ የተጣላሁት።

ምግቡ ላይ ሌላ ጣጣ ነበር። የሰኔ ጾም ገብቷል። እኔ ደስ ብሎኛል፣ ምክንያቱም ሕንድ ውስጥ ግማሹ ምግብ ቤት «ፑር ቬጅ» የሚል ሰሌዳ ለጥፏል። የታሸገ ምግብ ላይ ሳይቀር አረንጓዴ ነጥብ አለ፤ አረንጓዴ ካየህ ሥጋ የለበትም ማለት ነው። «እቴቴ፣ አገሩ ሁሉ ጿሚ ነው!» አልኳት። ምስር መጣ። ዳል ይሉታል፤ አልጫ ምስር ነው በቃ። አናቱ ላይ አንድ ቁራጭ ቅቤ እየቀለጠ ነው። «ይሄ ምንድን ነው?» «ቅቤ ነው፣ ማዳም። ፑር ቬጅ።» መለሰችው። ሌላ መጣ፤ ውስጡ ነጭ ነጭ ነገር አለ። አይብ ነው። «ፑር ቬጅ።» እነሱ ዘንድ ወተቱም፣ ቅቤውም፣ አይቡም ቬጅ ነው። እንቁላል ግን አይደለም። እቴቴ በጉዳዩ ላይ አስባ «ላሟን አይነኳትም፤ ንብረቷን ነው የሚዘርፏት» አለች። ከዚያ ወዲያ በድንች፣ በቂጣና በዳቦ ቆሎ ኖረች። «ለታመመ ሰው ይፈቀዳል» ብላት «የታመመው ዓይኔ ነው፤ ዓይኔ አይበላም» ብላ ዘጋችኝ።

ከተማው ውስጥ ያለው ዋና ሥራ መንሸራሸር ነው። ሞል ሮድ የሚባል መንገድ አለ። መኪና አይገባበትም። በእንግሊዝ ዘመን በመኪና እንዲያልፉ የተፈቀደላቸው ሦስት ሰዎች ብቻ ነበሩ፤ እንደራሴው፣ የጦሩ አዛዥና የፑንጃብ ገዥ። ዛሬ አዲስ ሙሽሮች ሞልተውበታል። ሙሽሪቶቹ እስከ ክርናቸው ቀይ አምባር ደርድረዋል፤ ባሎቻቸው ቦርሳ ይዘው ከኋላ ይከተላሉ። ሰው ከአንደኛው ጫፍ እስከ ሌላኛው ይሄዳል፣ ዞሮ ይመለሳል፣ ያንኑ ሰው ያገኛል። ልክ የክፍለ ሀገር ከተማ ወክ። መሀሉ ላይ «ስካንዳል ፖይንት» የሚባል ቦታ አለ። ድሮ አንድ ማሃራጃ የእንደራሴውን ልጅ ይዟት የጠፋው ከዚህ ነው እያሉ ያወራሉ፤ እውነት አይመስልም፣ ግን ወሬ እውነት ካልሆነ አይጥምም ያለው ማነው። እቴቴ የሐሜት ቦታ መሆኑን ስነግራት ተገረመች። «አንድ ቦታ ብቻ?» አለች።

እሷ ራሷ ግን ቦታውን ነገሠችበት። ነጠላ ለብሳ ቆማ ያዩዋት ሁሉ «ዋን ሴልፊ፣ ማዳም» እያሉ ተሰለፉ። መጀመሪያ ፊቷን ሸፈነች። ሁለተኛው ላይ ሳቅ አለች። አሥረኛው ላይ «በዚህኛው ወገን አንሣኝ» ማለት ጀመረች። ከሰልፈኞቹ አንዱ ሽማግሌ ከየት እንደመጣን ጠይቀው «ኢትዮጵያ!» ብለው ጮኹ። ወንድማቸው እዚያ የሂሳብ አስተማሪ ነበሩ። እቴቴ ፈገግታዋን ሰበሰበች። «የት?» አለች። ጅማ። «እህ» አለች ዘና ብላ። የእሷ ሕንዳዊ ጎንደር ነበር ያስተማራት። ጎንደር ቢሉ ኖሮ የስምንተኛ ክፍል ውጤቷን ጉዳይ እዚያው ሞል ሮድ ላይ ታነሣው ነበር።

በሦስተኛው ቀን ጃኩ ወጣን። የከተማው አናት ነው። የሃኑማን ቤተ መቅደስ አለበት፤ ሃኑማን በዝንጀሮ መልክ የሚታየው አምላካቸው ነው። 33 ሜትር ገደማ የሚሆነው ቀይ ሐውልቱ ከዛፎቹ በላይ ብቅ ብሎ ከታች ይታያል፤ እ.ኤ.አ. በ2010 ነው የተተከለው። ዛፎቹ ዲዮዳር ይባላሉ፣ የሊባኖስ ዝግባ ዘመድ ናቸው። ይሄን ስነግራት እቴቴ ግንዱን በእጇ ነካችው። 40 ዓመት ዳዊት ስትደግም ስሙን ብቻ ነበር የምታውቀው።

የሾፌራችን ትረካ እንዲህ ነው። የሌላው አምላካቸው የራማ ወንድም በጦርነት ቆሰለ። መድኃኒቱ ሂማላያ ላይ የሚበቅል አንድ ቅጠል ነው። ሃኑማን ቅጠሉን ሊያመጣ ተላከ፤ መንገድ ላይ ጃኩ ላይ አረፍ አለ። ተራራው ጋ ሲደርስ ቅጠሉን ከሌላው መለየት አቃተው። ስለዚህ ተራራውን ሙሉ ነቅሎ ተሸክሞ መጣ። እቴቴ ሳቋን መቆጣጠር አልቻለችም። ሟቹ ባሏ፣ ጋሼ፣ ኮረሪማ እንዲገዛ መርካቶ ተልኮ አንዴ የቅመም ሱቅ ሙሉ ጭኖ መጥቷል። «ወንድ ስትልክ እንዲህ ነው» አለች። ከሃኑማን ጋር በዚያች ቅጽበት ታረቀች።

ጫማ ማውለቂያው ላይ አስጠነቀቁን። ሰሌዳም ተለጥፏል። ጦጣዎቹ መነጽር ይቀማሉ፤ መነጽራችሁን ኪሳችሁ ክተቱ፣ ዱላም ተከራዩ። እኔ ለእቴቴ ነገርኳት። «እኔ ጦጣ ከአገሬ ነው የማውቀው» አለች። ጫማዋን አውልቂ ያላት የለም፤ ገና በሩን ስታይ አውልቃዋለች። ወደ ውስጥ ግን አልገባም አለች። «አንተ ግባ፤ እኔ እዚህ ደጁ ላይ እቆያለሁ። የሰው ቤት ነው።» ነጠላዋን አስተካክላ አጥሩ ጋ ቆመች።

ሲከናወን አይቼዋለሁ። ከኋላዋ በግንቡ ላይ መጣ። አልሮጠም። አንድ እጁን ትከሻዋ ላይ አሳረፈ፣ ዘመድ እንደሚያደርገው። በሌላው መነጽሩን ከጆሮዋ ላይ ነቀለ፤ መጀመሪያ ቀኙን፣ ቀጥሎ ግራውን፣ እንደ መነጽር ባለሙያ። ሁለት ሜትር ራቅ ብሎ ብረቱ ላይ ተቀመጠና አንዱን ክንድ ማኘክ ጀመረ። አይቸኩልም። እያየን ያኝካል። ፊቱ ላይ ያለው መልክ፣ ፋይሉን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ «ነገ ተመለሱ» የሚል ሰው መልክ ነው።

ዱላዬን አነሣሁ። ጥርሱን አሳየኝ። ዱላዬን አወረድኩ።

ያን ጊዜ ሳንጠራው አንድ ሰውዬ መጣ። «100 ሩፒ» አለ። ከፈልኩ። ከእጁ ላይ ትንሽ የላስቲክ ከረጢት ወረወረ፤ ፈንድሻ መሳይ ነገርና ነጭ የስኳር ፍሬ አለው። ጦጣው በግራ እጁ ቀለበ፣ በቀኙ መነጽሩን ለቀቀ። ሰውዬው ከአየር ላይ ያዘው፣ በሸሚዙ ጠረገው፣ ለእቴቴ አቀበላት። ቅድመ ክፍያ የለ፣ ውል የለ፣ እጅ በእጅ።

እቴቴ ሁለቱን እያፈራረቀች አየቻቸው። «እነዚህ ይተዋወቃሉ» አለች።

አልተከራከርኩም። ቤት ስንከራይ የነበረብንን አስታወሰኝ። አንዱ ቤቱ ተይዟል ይልሃል፤ ሌላው ከየት መጣ ሳትል መጥቶ እኔ አስለቅቅልሃለሁ ይልሃል። እዚህ ቢያንስ አንደኛው ደላላ ጅራት አለው፤ ትለየዋለህ። ሰውዬው በሦስት ደቂቃ ውስጥ ወደ አንዲት ኮፍያዋን የተቀማች ሙሽራ ሄደ። ጦጣው ያው የእኛው ይመስለኛል።

ስንወርድ እቴቴ ዝም አለች። መንገድ ላይ ቆመች። «ያ ምግብ የቤተ መቅደሳቸው ነው?» አለች። ፕራሳድ ይባላል፤ ለአምላካቸው የሚያቀርቡት ነው አልኳት። ፊቷ ተለወጠ። «እኔ ገዛሁት?» እኔ ነኝ የከፈልኩት አልኳት። «በማን መነጽር?» ይሄ ከባድ ጥያቄ ነው። ትንሽ ሄደን እንደገና ቆመች። «እኔ አልቀመስኩም። የበላው ጦጣው ነው። ጦጣ ጾም የለበትም።» ልክ ነሽ አልኳት። «ቢሆንም ለንስሐ አባቴ እኔው እነግራቸዋለሁ፤ አንተ አፍህን እንዳትከፍት። አንተ ስታወራ ነገር ታሰፋለህ።»

እንግዲህ ያወራሁት ለእናንተ ነው፤ ለእሳቸው አይደለም።

በአሥረኛው ቀን ዴልሂ ሐኪሙ ፊት ተቀመጥን። ሙቀቱ ንቅንቅ አላለም። ሐኪሙ ዓይኗን በመብራት አየ፣ ደኅና ነው አለ። ከዚያ መነጽሩን ተቀብሎ ወደ ብርሃኑ ዞረ። የቀኙ ክንድ ላይ በተርታ አራት የጥርስ ጠባሳ አለ። ጣቱን አሳለፈበት። ቀና ብሎ እቴቴን አያትና በጣም በዝግታ «ጃኩ?» አላት።

እቴቴ አየሩን ወደ ውስጥ ሳበች። «ህ!»

ነርሷ ውሃ ልታመጣ ሮጠች።